ከወረቀቱ ጥግ ያለው ስም

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት ጓደኛዬ ፌስቡክ ላይ ያገኘችውን ፎቶ ላከችልኝ። ትንሽ ልጅ ናት። ፀጉሯ ለሁለት ተጎንጉኗል፤ ቫዮሊን ታቅፋለች። ከሥር ስሟ፣ የተወለደችበት ቀንና አውሽዊትዝ ወደሚባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ የገባችበት ቀን ተጽፏል። አስተያየት መስጫው ላይ ሰዉ አልቅሶላታል። ጓደኛዬም «አላስቻለኝም» ብላ ነው የላከችልኝ። ፎቶውን ሰፋ አድርጌ ሳየው ግን የግራ እጇ ጣቶች ስድስት ሆኑብኝ። ያቺ ልጅ በዚህች ምድር ላይ ኖራ አታውቅም። ምስሏን የሠራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ነው።

ለጓደኛዬ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ «ታዲያ የቱን ልመን?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የእሷ ብቻ አይደለም። በ2025 የአውሽዊትዝ መታሰቢያ ሙዚየም ስለዚሁ ጉዳይ በይፋ አስጠንቅቋል። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አንዳንድ የፌስቡክ ገጾች የእውነተኛ ሟቾችን ታሪክ ወስደው የውሸት ፊት ይለጥፉበታል። ሌሎቹ ደግሞ ሰውየውንም ታሪኩንም ከባዶ ይፈጥራሉ። ዓላማው ላይክ መሰብሰብና ገንዘብ ማግኘት ነው። ጉዳቱ ግን ከፌስቡክ ያልፋል። ሆሎኮስት፣ ማለትም ናዚዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአይሁዳውያን ላይ የፈጸሙት እልቂት፣ አልነበረም ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ባለ ስድስት ጣቷን ልጅ አንስተው «ይኸው፣ ሁሉም እንዲህ የተፈበረከ ነው» ለማለት ከዚህ የተሻለ ዕድል አያገኙም።

ጊዜውም ጥሩ አይደለም። በ2024 መጀመሪያ የወጣ ቆጠራ በመላው ዓለም በሕይወት ያሉትን ከሆሎኮስት የተረፉ አይሁዳውያን 245 ሺህ ገደማ አድርጓቸዋል። አብዛኞቹ ያኔ ልጆች የነበሩ፣ ዛሬ ሰማንያውን ያለፉ ናቸው። «እኔ እዚያ ነበርኩ» ብሎ የሚናገር ሰው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። እነሱ ሲያልፉ የሚቀረን በጊዜው የተጻፈው፣ በጊዜው የተሣለው ነገር ነው።

ስለዚህ ለጓደኛዬ ጥያቄ የምሰጠው መልስ አንድ ሻንጣ ነው። እንዲያውም ሁለት።

ሻንጣዎቹ የተገኙት ቴሬዚን ውስጥ ነው። ቴሬዚን ከፕራግ በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ የምሽግ ከተማ ናት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ አሠርቶ በእናቱ በማሪያ ቴሬዛ ስም ጠራት። ከጦርነቱ በፊት ወታደሩም ሲቪሉም ተደምሮ 7 ሺህ ገደማ ሰው ይኖርባት ነበር። ናዚዎች በኖቬምበር 1941 ጌቶ፣ ማለትም የአይሁዳውያን ማጎሪያ ሰፈር አደረጓት። በሴፕቴምበር 1942 እዚያችው ትንሽ ከተማ ውስጥ 58 ሺህ ያህል ሰው ታጭቆ ነበር። በጠቅላላው 140 ሺህ ገደማ ሰው ወደዚያ ተላከ። ወደ 33 ሺህ የሚጠጉት እዚያው በረሃብና በበሽታ አለቁ። ወደ 88 ሺህ የሚሆኑት ደግሞ በባቡር ወደ አውሽዊትዝና ወደ ሌሎች የመግደያ ሥፍራዎች ተጫኑ። በቴሬዚን ካለፉት መካከል ከ10 ሺህ በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ።

በዲሴምበር 1942 ከገቡት እስረኞች አንዷ ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ ትባላለች። ቪየና ነው የተወለደችው፣ በ1898። በጀርመን አገር ባውሃውስ የሚባለው የታወቀ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ ተምራለች። ሠዓሊም የቤት ዕቃ ዲዛይነርም ነበረች። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ሻንጣ 50 ኪሎ ነው። ሌላው ብርድ ልብስና ምግብ ሲያጭቅ እሷ ከሸክሟ ላይ ለወረቀትና ለቀለም ቦታ ለቀቀች። እኔ ይህችን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ቆም እላለሁ። ምን እንደሚጠብቃት አታውቅም። እዚያ ልጆች እንደሚኖሩና ወረቀት እንደሚያስፈልጋቸው ግን ገብቷታል።

ቴሬዚን ውስጥ ልጆችን ማስተማር ክልክል ነበር። ሥዕል፣ ዘፈንና የእጅ ሥራ ግን በዝምታ ይታለፉ ነበር። ፍሪድል በዚያ ቀዳዳ ገባች። ከወላጆቻቸው ተለይተው በየቤቱ በታጎሩት ልጆች ክፍል እየዞረች አስተማረች። ያመጣችው ወረቀት ሲያልቅ የተጣለ የቢሮ ቅጽ፣ የዕቃ መጠቅለያ፣ አንድ ገጹ የተጻፈበት ማንኛውም ነገር ሥራ ላይ ዋለ። ቀለም ሲጠፋ ያንኑ ወረቀት እየቀዳደዱ መለጠፍ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች አንዳንዶቹን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ከቤቱና ከዛፉ ሥር የሂሳብ መዝገብ መስመር ይታያል። ሰውን በቁጥር ከሚመዘግበው ቢሮ የወጣ ወረቀት ነው ጣሪያና ቅርንጫፍ የሆነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልንገራችሁ። እኔም ተሳስቼበት ነበር።

ሥዕሎቹን መጀመሪያ ስናይ አበባ፣ ቤት፣ ፀሐይ፣ ቢራቢሮ እናያለን። ወዲያው «እንዲህ ባለ ሲኦል ውስጥ እንኳ ተስፋ ነበራቸው» እንላለን። አባባሉ ያጽናናል፤ እኛን ነው ግን የሚያጽናናን። ከእነዚህ አበቦች ብዙዎቹ የክፍል ሥራ ናቸው። ፍሪድል ብርጭቆ ውስጥ አበባ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች፤ ልጆቹ አይተው ይሥላሉ። የድሮ ሠዓሊዎችን ሥራ አሳይታ አቀማመጡን በቁርጥራጭ ወረቀት እንዲሠሩት ታደርጋለች። በእጃቸው ምት እየመቱ መስመር እንዲያሰምሩ ታዛለች። ባውሃውስ ከመምህሯ የተማረችውን ልምምድ ነው ለአሥር ዓመት ልጆች ያመጣችው። ልጆቹ ታዲያ ለእኛ ምልክት ሊሆኑ አልተቀመጡም። ጥላ እንዴት እንደሚወድቅ እየተማሩ ነበር።

ለእኔ ይሄ ከተስፋው ወሬ ይበልጥብኛል። ነገ ባቡር ላይ ልትጫን የምትችል ልጅን አንዲት መምህር «ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ውሃ ደግመሽ እይው» ትላታለች። ልጅቷም ትኩር ብላ ታያለች። ለዚያች አንድ ሰዓት ቁጥር አይደለችም። ተማሪ ናት።

ፍሪድል በ1943 እዚያው ጌቶ ውስጥ ለመምህራን ስለ ልጆች ሥዕል ንግግር አድርጋለች። ትልልቅ ሰዎች ልጆችን እንደ ራሳቸው ለማድረግ ለምን እንደሚቸኩሉ ጠይቃለች። የልጅ ዓለም ለአዋቂነት መሸጋገሪያ ድልድይ ብቻ አይደለም ባይ ነበረች። ከጦርነቱ በፊት ፕራግ ውስጥ ተማሪዋ የነበረችው ኤዲት ክሬመር በ1938 ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ ነበር። በኋላ አሜሪካ ውስጥ ሥዕልን ለተጎዱ ልጆች ማገገሚያ በማድረግ ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዷ ሆናለች። ዛሬ በየአገሩ ጦርነት ያፈናቀላቸው ልጆች እርሳስና ወረቀት ሲሰጣቸው ከሥሩ የፍሪድል እጅ አለበት።

ሌላም ልማድ ነበራት። ልጆቹ ሥዕላቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር። ስም፣ አንዳንዴ ዕድሜ፣ አንዳንዴም የክፍል ቁጥር። የቴሬዚን እስረኛ በትራንስፖርት ቁጥሩ፣ ማለትም በባቡር ሲጫን በተሰጠው ቁጥር ነው የሚታወቀው። እዚያ ወረቀት ጥግ ላይ ግን ስም ተጻፈ።

በሴፕቴምበር 28 ቀን 1944 ባለቤቷ ፓቬል ወደ ምሥራቅ ተጫነ። እሷም ልከተለው ብላ ራሷ ተመዘገበች። በኦክቶበር 6 ባቡሩ ወሰዳት። አውሽዊትዝ እንደደረሰች ተገደለች፤ 46 ዓመቷ ነበር። ፓቬል ተረፈ። ከመሄዷ በፊት የልጆቹን ሥራ በሁለት ሻንጣ ሞልታ ትታ ነበር፣ 4 ሺህ 500 የሚጠጋ ሥዕል። በኦገስት 1945 ከልጃገረዶቹ ቤት ኃላፊዎች አንዱ የነበረው ቪሊ ግሮአግ ሻንጣዎቹን ተሸክሞ ፕራግ ላለው የአይሁድ ማኅበረሰብ አስረከበ። በስማቸው ከታወቁት 660 ገደማ ልጆች 550 ያህሉ ተገድለዋል።

ስሙ ባይኖር ኖሮ ይህን ማወቅ አይቻልም ነበር። ስሙ ከትራንስፖርት ዝርዝር ጋር ተመሳከረ። ልጅቷ መቼ ተወለደች፣ መቼ ገባች፣ በየትኛው ባቡር ወጣች፣ ሁሉም ከዚያች ጥግ ተነስቶ ተገኘ። ኢሎና ቫይሶቫ የምትባል ልጅ የምግብ አገር ሣለች። በዙሪያዋ የሚበላ ነገር ሞልቷል፤ መግቢያው አንድ ክሮን መሆኑም ተጽፏል። ኢሎና የተወለደችው በማርች 1932 ነው። በሜይ 1944 ወደ አውሽዊትዝ ተላከች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ይህን ስታውቅ ያ ሥዕል ስለ ተስፋ ነው ማለት ይከብዳል። የራባት ልጅ ሥዕል ነው። ደግሞ የመግቢያ ዋጋ መጻፏን ተመልከቱ። ጨዋታ የምታውቅ ልጅ ናት።

ስለ ቢራቢሮው መናገር ያለብኝም ለዚህ ነው።

ከቴሬዚን የወጣው በጣም ዝነኛ ግጥም «ቢራቢሮ» ነው። ገጣሚው ፓቬል ፍሪድማን ይባላል። ያየውን የመጨረሻውን ደማቅ ቢጫ ቢራቢሮ ያነሳል። ቢራቢሮ እዚህ፣ ጌቶ ውስጥ፣ እንደማይኖር ነግሮን ያበቃል። ግጥሙ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል። ሂዩስተን ያለው የሆሎኮስት ሙዚየም ለተገደሉት 1.5 ሚሊዮን አይሁዳውያን ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን 1.5 ሚሊዮን ቢራቢሮ ለመሰብሰብ ተነስቶ ከብዙ አገር ተማሪዎች በእጃቸው ሠርተው ልከውለታል። ሐሳቡን አከብራለሁ። ግን ግጥሙ በየትምህርት ቤቱ «በጌቶ ውስጥ ያለ ሕፃን የጻፈው» ተብሎ ሲነበብ ስህተት አለበት። ፍሪድማን የተወለደው በጃንዋሪ 1921 ነው። ግጥሙ ላይ ያለው ቀን ጁን 4 ቀን 1942 ነው። ገጣሚው 21 ዓመቱ ነበር፣ ጎልማሳ።

«ምን ልዩነት ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ያመጣል እንጂ። 21 ዓመት የሞላው ሰው የሚጽፈውን ያውቃል፤ ቃል መርጦ፣ መስመር ሰብሮ ነው የሚጽፈው። ሕፃን ስናደርገው ጥበቡን ነጥቀን የዋህነት እናለብሰዋለን። አውሽዊትዝ ሕይወቱን ወሰደበት። እኛ ደግሞ ዕድሜውን አንውሰድበት። ባለ ስድስት ጣቷን ልጅ የፈጠረው ሰው በገንዘብ ፍላጎት ያደረገውን እኛ በቅንነት ልናደርገው እንችላለን። ስሜታችንን የሚያረካ ልጅ ፈልገን እውነተኛውን ሰው ልንተካበት እንችላለን።

ደግሞ ሁሉም ልጅ አበባ አልሣለም። ሄልጋ ቫይሶቫ በዲሴምበር 1941 ከእናትና አባቷ ጋር ስትገባ 12 ዓመቷ ነበር። አባትየው ወደ ወንዶቹ ካምፕ ተለየ። እሷም በረዶ ሰብስበው የበረዶ ሰው የሚሠሩ ልጆች ሥላ በድብቅ ላከችለት። አባት ወረቀቱን አይቶ አጭር መልስ ላከላት፦ የምታይውን ሣይ። ያ የበረዶ ሰው ሄልጋ እንደ ልጅ የሣለችው የመጨረሻ ሥዕል ሆነ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያየችውን ሣለች። ባለ ደርብ አልጋ፣ የምግብ ሰልፍ፣ ሻንጣ ይዘው የሚገቡና የሚወጡ ሰዎች። መቶ ገደማ ሥዕል ነው። ወደ አውሽዊትዝ ስትጫን ለአጎቷ ሰጠችው፤ እሱም ከግድግዳ ጡብ ኋላ ቀበረው። ሄልጋና እናቷ ተረፉ። አባቷ አልተመለሰም።

የምታየውን መሣል እዚያ ምን ያህል አደገኛ እንደነበር ከትልልቆቹ እንረዳለን። ሠዓሊው ቤድሪህ ፍሪታና ጓደኞቹ ቀን ቀን ናዚዎች ያዘዟቸውን ንድፍ ይሠሩ ነበር። ማታ ማታ እውነተኛውን ቴሬዚን ይሥላሉ። በጁላይ 1944 ተይዘው ታሰሩ። ፍሪታ አውሽዊትዝ ሞተ። ናዚዎች በዚያው ሰሞን፣ በጁን 23፣ የቀይ መስቀል ልዑካንን በተቀባች ከተማ አስጎብኝተው ነበር። ልጆቹ ኦፔራ ተጫወቱላቸው፤ መጫወቻ ሜዳ ታየ፤ እንግዶቹ ሄዱ። የውሸት ምስል ዛሬ በኤአይ አልተጀመረም። ቴሬዚን ራሷ ለካሜራ እንድትዋሽ የተገደደች ከተማ ናት። ከዚያ ውሸት በተቃራኒ የቆመው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ወረቀት ነው።

ወንዶቹ ልጆች ደግሞ መጽሔት ነበራቸው። ስሙ «ቬዴም» ነው፤ በቼክ ቋንቋ «እንመራለን» ማለት ነው። ከ1942 መጨረሻ እስከ 1944 አዘጋጅተውታል። የአንዱ እትም ቅጂ አንድ ብቻ ነው። አርብ ማታ አንዱ ቆሞ ያነባል፤ ሌላው አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል። ዋና አዘጋጁ ፔትር ጊንዝ ነበር። የፔትር እናት አይሁዳዊት አልነበረችም። እንዲህ ካለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ 14 ዓመት ሲሞላው ነበር የሚወሰደው። ፔትር በኦክቶበር 1942 ገባ። ጌቶውን እንደ ሪፖርተር እየዞረ ጻፈ፤ ዳቦ ቤቱን፣ የእሳት አደጋ ጣቢያውን፣ አስከሬን ማቃጠያውን ሳይቀር። በሴፕቴምበር 28 ቀን 1944፣ የፍሪድል ባለቤት በሄደበት ቀን፣ እሱም ተጫነ። አውሽዊትዝ ተገደለ። 16 ዓመቱ ነበር። 800 የሚጠጋው የቬዴም ገጽ የተረፈው ከክፍሉ ልጆች እዚያው የቀረው ዝዴኒክ ታውሲግ ደብቆ ስላቆየው ነው።

ፔትር የሣላት አንዲት የእርሳስ ሥዕል አለች። ሾጣጣ ተራሮች፣ ጥቁር ሰማይ፣ ሰማዩ ላይ ደግሞ ምድር። ጨረቃ ላይ ቆሞ ምድርን እያየ ነው። የሰው ልጅ ጨረቃን ከመርገጡ ሃያ አምስት ዓመታት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ከምሽጉ በር ለመውጣት ያልተፈቀደለት ልጅ ነው የሣለው። እስራኤላዊው ጠፈርተኛ ኢላን ራሞን፣ እናቱ ከአውሽዊትዝ የተረፈች ናት፣ በጃንዋሪ 2003 ኮሎምቢያ በምትባለው የጠፈር መንኮራኩር ሲመጥቅ የሥዕሉን ቅጂ ይዞ ሄደ። መንኮራኩሯ ስትመለስ ሰማይ ላይ ተበታተነች፤ ሰባቱም አለቁ። ቀኑ ፌብሩዋሪ 1 ነበር። ፔትር ቢኖር 75 ዓመት የሚሞላበት ቀን ነው። ዜናው ከተሰማ በኋላ ፕራግ ውስጥ አንድ ሰው ቤቱ ካገኛቸው አሮጌ ደብተሮች ጋር አገናኘው። ፔትር ከመወሰዱ በፊት የጻፈው ማስታወሻ ሆኖ ተገኘ። ደብተሮቹ ከጦርነቱ ለተረፈችው እህቱ ደረሱ።

ይህ ሁሉ ከእኛ ሩቅ ይመስላል። እስራኤል ላሉ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ግን ሩቅ አይደለም። በሆሎኮስት መታሰቢያ ቀን ሳይረን ሁለት ደቂቃ ይጮኻል፤ መኪናው ይቆማል፤ ሰው ባለበት ይቆማል። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሰሙትን ይዘው ቤት ይገባሉ። ቤት ያሉት አያቶች በሱዳን በኩል ሲመጡ በመንገድና በካምፕ ልጆች የቀበሩ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያ ጉዞ 4 ሺህ ያህል ቤተ እስራኤላውያን እንደሞቱ ይነገራል። ሁለቱ ታሪኮች አንድ አይደሉም፤ ላወዳድራቸውም አልፈልግም። ነገር ግን ስሙ ያልተጻፈ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ እነዚያ አያቶች ያውቃሉ። ወረቀትና እርሳስ ይዞ የተከተላቸው ሰው አልነበረም።

ፕራግ ውስጥ ፒንካስ የሚባል አሮጌ ምኩራብ አለ። ግድግዳው ላይ የተገደሉት የቦሄሚያና የሞራቪያ አይሁዳውያን ስም በእጅ ተጽፏል፣ 78 ሺህ ያህል ስም። በ1950ዎቹ ተጻፈ። በኋላ እርጥበት ገባበት፤ በኮሚኒስቶቹ ዘመንም ሕንፃው ለዓመታት ተዘጋ፤ ስሞቹ ጠፉ። በ1990ዎቹ አንድ በአንድ እንደገና ተጻፉ። ፎቁ ላይ ደግሞ ከፍሪድል ሻንጣዎች የወጡት ሥዕሎች አሉ። አንድ ስም ታች ግድግዳ ላይ በባለሙያ እጅ፣ ላይ ደግሞ ወረቀት ጥግ ላይ በልጅ እጅ ተጽፎ ይገኛል።

ከሥዕሎቹ የአንዱን ፎቶ ለጓደኛዬ ላክሁላት። አበባ ነው፤ ብርጭቆው ትንሽ ዘሟል። እኔ ጣቶቹን እንዳየሁት እሷም ሰፋ አድርጋ አየችው መሰለኝ፣ ቆይታ ነው የመለሰችልኝ።

«ጥግ ላይ ያለውን ማን ነው የጻፈው?»

«ራሷ» አልኳት።